በጉማራ አፍ ያስቀመጥኋቸው ነጥቦች

ነጥቦቹን ለማኅበሩ የሰጠሁት እኔ አይደለሁም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው በጉማራ ወንዝ ዳርቻ የሚኖሩ ሰዎች እስከ ዛሬ እኔ እንደሰጠሁ ስለሚያምኑ ነው። እምነታቸውን ለማስተባበል ከአንድ ዓረፍተ ነገር በላይ አላገኘሁም፤ እሱን ብናገረውም ቁጣዬ አልበረደም።

የተማርሁት የዓሣ ሀብትን ነው። የምሠራው ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር በሚገኝ የጥናት መሥሪያ ቤት ውስጥ ነው። መሥሪያ ቤታችን አንዲት ባለ ሞተር የፋይበር ጀልባ አለችው፤ ከመሪዋ አጠገብ ደግሞ ፊሽ ፋይንደር የምንለው ባለ ስክሪን መሣሪያ ተገጥሟል። መሣሪያው ወደ ታች ድምፅ እየላከ የሐይቁን ወለልና በመካከል ያለውን ዓሣ ያሳያል፤ ዓሣው በስክሪኑ ላይ ትንሽ ቅስት ሆኖ ይታያል። አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ጀልባዋ ያለችበትን ቦታ ነጥብ አድርጎ ይይዛል። በሌላ ቀን ያንን ነጥብ የመረጠ ሰው፣ ጭጋግ ቢሆንም እንኳ፣ ቀስቷን ተከትሎ እዚያው ይደርሳል።

ቁልፉን መጫን ቀላል ስለሆነ መሣሪያው በማይረባ ነጥብ ይሞላል። አንዱ በክርኑ ይነካዋል፤ ሌላው ጉማሬ ያየበትን ይይዛል፤ ሌላው ከዘጌ ሲመለስ ሞተሩ የጠፋበትን ይይዛል። ስለዚህ ከመስክ በተመለስን ቁጥር፣ ዕቃው ሳይወርድ፣ ከስክሪኑ ፊት ተቀምጬ የዕለቱን ነጥቦች አንድ በአንድ እመለከታለሁ። በስሕተት የተያዘውን አጠፋለሁ፤ የሚቀረውን በእጅ ከያዝሁት ጂፒኤስ ጋር አመሳክራለሁ፤ መለያ እሰጠዋለሁ፤ በየወንዙ በየወንዙ ለይቼ አስቀምጠዋለሁ። መሣሪያው ፊደላችንን ስለማያውቅ መለያው ቁጥር ነው፤ ትርጉሙን የማውቀው እኔ ነኝ። ከዚህም ሌላ ጉማራ በየክረምቱ ደለል እየጫነ አፉን ወደ ሐይቁ ስለሚገፋ የዓምናው ነጥብ ዘንድሮ ጭቃ ላይ ያርፋል። በየዓመቱ እንደገና መሄድ፣ እንደገና ማየት፣ ነጥቡን ማዛወር ግድ ነው።

ካፒቴናችን፣ ማለትም የጀልባዋ ነጂ፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጡ ቀልደኛ ሰው ናቸው። ሳጠራ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ።

"እትዬ፣ ያችን አያጥፉብኝ" አሉኝ አንድ ቀን።

"የትኛዋን?"

"ከክብራን ደሴት ወዲህ ያለችውን። ስልኬ የወደቀባት ናት።"

"ሊያወጡት ነው?"

"ባላወጣውም ባጠገቧ ሳልፍ ሰላም እላታለሁ። ስንት ፎቶ ይዛብኝ እንደቀረች!"

አላጠፋኋትም። በዚያ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ ያለ ምክንያት የተውኋት ነጥብ እሷ ብቻ ነበረች።

ከሁሉ የምጠነቀቅላቸው ግን የጉማራ አፍ ነጥቦች ነበሩ። ነጭ ዓሣ የምንለው የጣና ዓሣ ዓመቱን ሙሉ በሐይቁ ተበትኖ ይኖራል፤ ክረምት ገብቶ ወንዞቹ ሲደፈርሱ ወደ ወንዝ አፍ ይሰበሰባል። እዚያ ጥቂት ከቆየ በኋላ ሽቅብ ወጥቶ ጠጠር ባለበት ገባር ውስጥ እንቁላሉን ይጥላል። በሌላው ጊዜ አጥማጅ ሲፈልገው የሚውለው ዓሣ በዚያን ሰሞን በአንድ ጠባብ ቦታ ተጠጋግቶ ይቆማል፤ ሴቶቹ ሆዳቸው እስኪወጠር እንቁላል ተሸክመዋል። በዚያ ቦታ መረብ የጣለ ሰው የሚመጡትን ዓመታት ዓሣ አብሮ ያወጣል።

በወንዙ አፍ ያለው አጥቢያ ይህንን የሚጠብቅበት የራሱ ሥርዓት ነበረው። የደብሩ አረጋዊ ቄስ በሐምሌ መግቢያ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ እስከ መስቀል ድረስ በወንዙ አፍ መረብ የጣለ የተወገዘ ይሁን ብለው ይገዝታሉ። ግዝቱ የሰማውን ሁሉ ያስራል። ስለዚህ በዚያ ዕለት ከዓሣ አጥማጆቹ አንድም ሰው ከቤተ ክርስቲያን እንዳይቀር እርስ በርሳቸው ይጠባበቃሉ፤ የቀረ ሰው "አልሰማሁም" ብሎ መረቡን ሊጥል ይችላልና። የታመመ ቢኖር እንኳ ሁለት ሰዎች ቤቱ ድረስ ሄደው፣ ከአልጋው አጠገብ ቆመው፣ ያሰሙታል። ከዚያ በኋላ መረቡ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይከርማል።

ቦታዎቹን እንዲያሳዩኝ ስጠይቅ አጥማጆቹ ወደ ቄሱ ላኩኝ። እሳቸውም በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ጠየቁኝ።

"ምን ልታደርጊው ነው?"

"ዓሣው በየዓመቱ መምጣት አለመምጣቱን ልከታተል ነው፣ አባ።"

"መረብ ትጥያለሽ?"

"አልጥልም። በመሣሪያው ከላይ ሆኜ ነው የማየው።"

"ሳትነኪው ታይዋለሽ?"

"ሳልነካው።"

"እንግዲያስ ሰዎቼ ያሳዩሽ። ለሌላ ግን አሳልፈሽ አትስጪ። እዚህ ቦታውን የሚያውቅ ሁሉ ግዝቱን የሰማ ነው፤ አንቺ ወስደሽ ለማላውቀው ሰው ከሰጠሽ ግን እኔ ምን አድርጌ ላስረው?" አሉ። ቃሌን ሰጠሁ። "አንቺም ሰምተሻል፣ ታስረሻል ማለት ነው" ብለው ሳቁና በመስቀላቸው ባረኩኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየክረምቱ እሄዳለሁ፤ ሞተሩን አጥፍተን በቀዘፋ እናልፋለን፤ ስክሪኑ በቅስት ይሞላል፤ እቆጥራለሁ፤ እመለሳለሁ። በሙያዬ እንደዚያ ንጹሕ የሆነ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

አዲሱ ኃላፊያችን የመጡት በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለን ነው። በዚያው ክረምት አንድ ፕሮጀክት በከተማው ለተደራጀ የወጣት ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ለየጀልባቸው ፊሽ ፋይንደር ሊሰጥ ተዘጋጅቶ ነበር። ርክክቡ በእኛ ግቢ እንዲሆን፣ ቀኑም የፍልሰታ ጾም ዋዜማ እንዲሆን ተወሰነ። ኃላፊው ቢሯቸው ጠሩኝ።

"ባዶ መሣሪያ አስረክበን ፎቶ ልንነሣ ነው?" አሉኝ። "እኛ ጋ የስንት ዓመት ነጥብ ተጠራቅሞ አለ።"

"የጥናት ነጥብ ነው፤ የማጥመጃ ቦታ አይደለም።"

"ዓሣ ያለበት ቦታ አይደለም?"

"ነው።"

"በብዛት?"

"በብዛት ነው፤ ምክንያቱም..."

"በቃ! እህቴ፣ እኛ እኮ የሕዝብ አገልጋዮች ነን። ጾም ሊገባ ነው፤ ከተማው ዓሣ ይፈልጋል፤ ልጆቹ ሥራ ይፈልጋሉ። ይህ ሁሉ ዕውቀት እርስዎ ጋ ታሽጎ ቢቀመጥ ለማን ይጠቅማል?"

ዓሣው እዚያ የሚሰበሰበው ሊራባ መሆኑን አስረዳሁ። ስለ ግዝቱ ነገርኋቸው፤ ስለ ሰጠሁት ቃልም ነገርኋቸው። ግዝት የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፈገግ አሉ።

"ተመራማሪ ሆነው በግዝት ያምናሉ?"

"ሰዎቹ ያምናሉ፤ ዓሣው የተረፈውም ስለሚያምኑ ነው።"

"ጥሩ፤ እናስብበታለን" አሉ። በእኛ መሥሪያ ቤት ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ የሚል ሰው ይኖራል። እኔ ግን ቃል ማለት ቃል ነው ብዬ ወጣሁ፤ በማግስቱም ለሥራ ወደ ጎንደር ሄድሁ።

ስመለስ ካፒቴኑ ጀልባዋን እያጠቡ ነበር። ቀና ብለው አላዩኝም።

"እትዬ፣ ታዘዝሁ።"

"ምን?"

"ኃላፊው ሜሞሪ ካርድ ሰጡኝና ነጥቦቹን ገልብጥ አሉኝ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም። ለይቼ ላስቀር ብል በምን ልለይ? እርስዎ በቁጥር ነው የሚጽፉት።" ጨርቁን ጨመቁና "ያችም የስልኬ አብራ ሄደች" አሉ። ሊያስቁኝ ፈልገው ነበር። አለፍኋቸው፤ በእሳቸው መቆጣት አልፈለግሁም። ቁጣዬን ለባለቤቱ ላቆየው ፈለግሁ።

መለያዎቼ ምንም አልጠበቁም። ቀስት የሚከተል ሰው ስም አያስፈልገውም። እንዲያውም በየወንዙ ለይቼ፣ አጥርቼ፣ የተበላሸውን ነቅሼ ስላስቀመጥሁት ዝርዝሩ ሲከፈት ከሁሉ በፊት የሚመጡት የጉማራ አፍ ነጥቦች ነበሩ። ዝርክርክ ሠራተኛ ብሆን ኖሮ ልጆቹ ግማሹን ጊዜ ጉማሬ ሲያሳድዱ ይውሉ ነበር። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ጥርሴን እነክሳለሁ።

ጾሙ በገባ ሰሞን በማለዳ ወደ ጉማራ ሄድን። ከሩቅ በወንዙ አፍ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር አየሁ። ስንቀርብ የሃይላንድ ጠርሙስ ነበር፤ ባዶ የውኃ ጠርሙስ በገመድ እየታሰረ ለመረቡ ተንሳፋፊ ሆኖ ከአንዱ የደለል ምላስ እስከ ሌላው ተሰልፏል። ከሥሩ ያ ቀጭን፣ በውኃ ውስጥ የማይታይ የናይለን መረብ አለ። ስክሪኑን ተመለከትሁ። ወለሉ ይታያል፤ ከወለሉ በላይ ምንም የለም።

በዳርቻው የአጥቢያው አጥማጆች ቆመዋል። እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይመለከታሉ። መረባቸው በየቤታቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ግዝቱን ሰምተዋልና ወደ ውኃው አንድ እርምጃ አይገቡም። ጀልባ ላይ ያሉት የከተማ ልጆች ደግሞ እየዘፈኑ ያወጣሉ። አንደኛው ትልቅ ነጭ ዓሣ ከመረቡ ሲያላቅቅ ሆዱን ጨመቀው መሰለኝ፣ እንቁላሉ በእጁ ላይ ፈሰሰ። እጁን በሐይቁ ታጥቦ ሌላውን ያዘ።

"እትዬ!" ብሎ ጮኸ አንዱ። "የነጥቧ ባለቤት እርስዎ ነዎት አሉን! እግዜር ይስጥዎ! እጃችንን ይዛ እዚህ ድረስ አመጣችን!"

በዳርቻው ያሉት ሰዎች በአንድነት ወደ እኔ ዞሩ።

"መረቡን አውጡት" አልሁ። "ቦታው በግዝት የታሰረ ነው።"

"በማን?"

"በአጥቢያው ቄስ።"

"እኛ የከተማ፣ የሹም አቦ ሰፈር ልጆች ነን! አልሰማንም!"

"አሁን ሰማችኋ!" ብሎ ጮኸ ከዳርቻው አንድ ሽማግሌ።

"ከሴት አፍ የተሰማ ግዝት አይቆጠርም!" አለ ልጁ፤ ጀልባዋ እስክትወዛወዝ ተሳሳቁ።

ድምፄን ከፍ አድርጌ መናገር አልወድም፤ ልማዴም አይደለም። በዚያ ጠዋት ግን ጮህሁ። ምን እንዳልሁ አላስታውስም፤ ካፒቴኑ ሞተሩን አስነሥተው እንዳራቁን አስታውሳለሁ።

በቀጥታ ወደ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። የርክክቡን ፎቶ በስልካቸው እያዩ ነበር፤ ሳልጠይቃቸው አሳዩኝ። መረቡ እንዲነሣ ለማኅበሩ ይንገሩ አልኋቸው።

"ትናንት ሰጥተን ዛሬ እንቀማ? ምን ይሉናል?"

"አላወቅንም ነበር ይበሉ።"

"አውቀን ነው እንጂ የሰጠነው! ሰዎች ዓሣ እየበሉ ነው፣ እህቴ። ከተማውን ዞር ብለው ይዩት።"

ዞር ብዬ አይቼዋለሁ። በዓሣ ቤቶቹ ደጃፍ የጾም ዱለት የሚጠብቅ ሰው ቆሟል። ዓሣ በሚታረድበት ዳርቻ ሴቶቹ ሆዱን እየሰነጠቁ እንቁላሉን ወደ ውኃው ይጥላሉ፤ ትልልቆቹ ነጫጭ ወፎች እየተሻሙ ይለቅሙታል። ከበላተኞቹ አንዳቸውም አላጠፉም። ያጠፋው ሰው ፎቶውን እያየ ተቀምጧል፤ እሱም ደግ የሠራ ይመስለዋል። ቁጣዬ ማረፊያ ያጣውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ወንጀል የሚመስል ነገር ያደረገ ሰው የለም፤ ሁሉም የጽድቅ ሥራ ላይ ናቸው።

ከዚያ በኋላ የማኅበሩን አባላት በየቤታቸው እየሄድሁ ለመንኋቸው። መሣሪያቸውን እያወጡ አሳዩኝ፤ አብሬያቸው ተቀምጬ የጉማራን ነጥቦች እንዲያጠፉ አደረግሁ። አብዛኞቹ በይሉኝታ አጠፉ። ከእነዚህ አንዱ በከተማው ጫፍ፣ ዘንዘልማ ይኖራል። የአባቱ እርሻ የነበረው ቦታ ዛሬ ባለ ፎቅ ቤቶች ቆመውበታል፤ ቀሪ ግቢያቸው በአሸዋና በብሎኬት ክምር ተከብቧል። መሣሪያውን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ እያየሁት፣ አጠፋ።

"ይኸው ይዩ እትዬ፣ ነጥቧን አጥፍቻታለሁ" አለ። "መንገዷን ግን አሁን ዓይኔን ጨፍኜ እሄዳታለሁ። እሷን በምን ያጠፉልኛል?"

"ዘሩን እኮ ነው የምታጠፉት። በሚቀጥለው ዓመት ለአንተም አይኖርህም።"

"ያችን ግድግዳ ያዩዋታል?" በጣቱ አመለከተኝ። "እዚያ የአባቴ የዘር እህል ጎተራ ነበር። ሲፈርስ 'ተዉት፣ ዘር ነው' ያለ የተማረ ሰው አልመጣም።" እየተሳደበ አልነበረም፤ ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የተናገረው። ሻይ ልጋብዝዎ ብሎም ለመነኝ። ከሁሉ ይልቅ ያናደደኝ በዚህ ልጅ መቆጣት እንኳ መከልከሌ ነው።

ጾሙ ሊፈታ ሲል ካፒቴኑ ወሬ ይዘውልኝ መጡ። ቄሱ በፍልሰታ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ሊናገሩ ነው፤ ሕዝቡም እንዳይቀር ተብሏል። ሄድሁ። ነጠላዬን አጣፍቼ ከሴቶቹ መካከል ቆምሁ። ግቢው በሰው ሞልቶ ነበር። ከፊቴ የቆሙት ሴቶች ሲያዩኝ ቦታ ለቀቁልኝ፤ አክብሮት እንዳልነበረ ከዓይናቸው ገባኝ።

ቄሱ በደረጃው ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ።

"ልጆቼ" አሉ፤ "እኔ በፍልሰታ ዓሣ አልቀምስም፤ ከእናንተም ብዙዎቻችሁ አትቀምሱም። ስለ ሆዳችን አይደለም የምናገረው። አስሬአችሁ፣ ያልታሰረው በዓይናችሁ ፊት ወሰደ። ቆማችሁ አያችሁ፤ አልጣሳችሁም፤ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ነገር ግን ከነገ ወዲያ ከእናንተ አንዱ ልጁ ሲርበው ይጥሳል። እሱም እኔ ያወገዝሁት ሰው ሆኖ ይቀራል። ዓሣውን ልጠብቅ ብዬ ሰው ላጠፋ አልችልም።" መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ። "ግዝቱን አንሥቻለሁ። እግዚአብሔር ይፍታችሁ።"

አሜን ያሉት ጥቂቶች ነበሩ። አንዲት ሴት አለቀሰች። አጥማጆቹ ወዲያው አልተንቀሳቀሱም፤ እርስ በርሳቸው ተያዩ፤ ከዚያ ከወጣቶቹ አንዱ ወደ በሩ ሄደ፤ ሌሎቹ ተከተሉት። በፊት ቦታዎቹን ካሳዩኝ ሰዎች አንዱ በአጠገቤ ሲያልፍ ቆመ።

"ነይ እንጂ" አለኝ። "ከእኛ ይልቅ ቦታውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ምሪን።"

አንተን የሚያህል ሰው እንዲህ አይናገርም ልለው አፌን ከፈትሁ፤ የሚገባኝ መስሎት የተናገረውን ሰው ማረም አልቻልሁም። ዘግቼው ወደ ቄሱ ሄድሁና መስቀላቸውን ተሳለምሁ።

"አባ፣ እኔ አልሰጠሁም።"

"ዕውቀቱን ከወሰድሽ በኋላ እንዴት እንደ ወጣ ለእኔ ምን ይለየዋል፣ ልጄ?" አሉ። በድምፃቸው ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ብቻ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

"ለሚመጣው ዓመት ይመልሱታል?"

"እነዚያን የምገዝትበት ቤተ ክርስቲያን ወዴት አለ? ሹም አቦ ሄጄ በየበሩ ላንኳኳ?" መቋሚያቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። "መሥሪያ ቤትሽ እንዲህ አድርጎ የሚያስር ነገር ካለው እሱን አምጪ።"

የለውም። ይህንን ለመንገር አፈርሁ።

ወደ ዳርቻው ወረድሁ። ከቤተ ክርስቲያኑ እስከ ወንዙ ያለው መንገድ መረብ በተሸከመ ሰው ተሞልቷል፤ ሐምሌን ሙሉ ግድግዳ ላይ የከረመው መረብ አቧራው እየተራገፈ ይወርዳል። ሴቶቹ ሳህን ይዘው ከኋላ ይከተላሉ። ካፒቴኑ ሞተሩን ሊያስነሡ ሲዘጋጁ ተዉት አልኋቸው።

"እንዳናይ ብንሄድ አይሻልም?"

"አይሻልም።"

መሣሪያውን ከፈትሁ። ከጀልባዋ በታች ሁለት ቅስት ታየ፤ ጥቂት ቆይቶ ሌላ አንድ። ከከተማው መረብ የተረፉ ነበሩ። የመጀመሪያው መረብ ተጣለ፤ ቀጥሎ ሁለተኛው። ሰዎቹ ወደ እኛ አያዩም፤ ሲያጠምዱ የለመዱት ጨዋታና ዘፈን አልነበረም፤ የሚሰሙት ውኃው ላይ የሚያርፈው ገመድና የሚረግጡት ጭቃ ነበሩ። ካፒቴኑ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ። እኔ ግን ቆሜ፣ በጣቴ ምንም ቁልፍ ሳልነካ፣ ስክሪኑ ባዶ እስኪሆን ድረስ አየሁ።